ያልረጋው ወተትና የታመመው ግት

 

በረመዳን አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ እናት ክዳኑ የተዘጋ ጆግ ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። «ልጄ፣ አንተ የከብት ነገር ታውቃለህ ይሉኛል፤ እስቲ ይህን ወተት እይልኝ» አሉ። ለእርጎ ብለው ካስቀመጡት ሦስተኛ ቀኑ ነው። እርሾ ገብቶበታል፣ ሙቅ ቦታም ነው ያደረው፤ ነገር ግን አልረጋም፣ አልኮመጠጠምም። እርሳቸው «ውሃ ነው የሸጠልኝ» ብለው ደምድመዋል። እኔ ሳየው ግን ቅባቱ ከላይ ወፍሮ ተቀምጧል፤ ውሃ የገባበት አይመስልም።

በማግስቱ ወተቱን የሚያመጣላቸው ሰው ሲመጣ በቀስታ ጠየቅነው። አልዋሸንም። ከሁለቱ ላሞቹ የአንዷ ግት አብጦና ደድሮ ስለነበር ሐኪም አስመጥቶ አስወግቷታል፤ በጡቷ በኩልም መድኃኒት ተጨምሮላታል። «ሐኪሙ ወተቱን ለጥቂት ቀን ድፋ ብሎኝ ነበር። ግን ወንድሜ፣ ረመዳን ነው፤ ደንበኛ ይጠብቀኛል። ደግሞ ውሃ አልጨመርኩበትም፤ ወላሂ ንጹሕ ወተት ነው!» አለን።

ሰውየው በራሱ ሚዛን እውነቱን ነው። ውሃ አልጨመረም። ያልረጋበት ምክንያት ግን በወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነው። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ላሚቱን ያመማትን ተህዋስ እንዲገድል የተሰጠው አንቲባዮቲክ እነዚህንም ገደላቸው። ያንን ወተት ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃናት ጭምር ጠጥተውታል።

ስለ ወተት ጥራት ስንነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ውሃ ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም?» የሚል። በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎችም ላክቶሜትር የሚባለው መለኪያ የሚይዘው ይህንኑ ውሃ ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ከሌላ ትልቅ ጥያቄ አዘናግቶናል እላለሁ። ወተት ሻጩን «ላምህ ታማለች ወይ? መድኃኒትስ ወስዳለች ወይ?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? አብዛኞቻችን አናውቅም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ግት በሽታ እንነጋገር። ሐኪሞች ማስታይቲስ ይሉታል፤ ትርጉሙ የግት መቆጣት ማለት ነው።

ተህዋስ እንዴት ይገባል?

ወተት የሚሠራው ከደም ነው። አንድ ሊትር ወተት ለማዘጋጀት ከ400 እስከ 500 ሊትር የሚደርስ ደም በግቱ ውስጥ ማለፍ እንዳለበት የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። በሱረቱ ነሕል ውስጥ ወተት ከአላህ ምልክቶች እንደ አንዱ መወሳቱን አንባቢ ያውቀዋል፤ የግቱን አሠራር በቅርብ ላየ ሰው ግን ያ አንቀጽ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

የላም ግት አራት ክፍሎች አሉት። አራቱም የየራሳቸው ጡት አላቸው፤ የአንዱ ወተት ወደ ሌላው አይፈስም። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ወተቱን የሚሠሩት የእነዚህ ከረጢቶች ሕዋሳት ናቸው። ከዚያ በቀጭን ቧንቧዎች እየወረደ ወደ ጡቱ ይመጣል። የጡቱ መውጫ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጠባብ ቀዳዳ ናት። በዙሪያዋ እንደ ከረጢት ማሰሪያ የሚያጠብቃት ጡንቻ አለ፤ ውስጧም ኬራቲን በሚባል ሰም መሰል ነገር ይደፈናል። ከውጭ ለሚመጣ ተህዋስ ይህች በር ናት ዋናዋ ዘብ።

ችግሩ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ላሚቱ ከታለበች በኋላ ጡንቻው ወዲያው አይዘጋም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ላሚቱ ታልባ እንዳበቃች እበትና ሽንት በተቀላቀለበት ወለል ላይ ከተኛች፣ የተከፈተው በር በቀጥታ ከቆሻሻው ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ከታለበች በኋላ ድርቆሽ ወይም ፉርሽካ የሚያቀርቡላት እንድትጠግብ ብቻ አይደለም፤ እየበላች እንድትቆም ነው። አያቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ምክንያቱን ሳያውቁ ይሁን አውቀው እንጃ፤ ትክክል ግን ነበሩ።

ተህዋሱ አንዴ ከገባ በኋላ ከወተት የተሻለ ምግብ አያገኝም። ሙቀቱም ተስማሚ ነው። መራባት ይጀምራል፣ መርዙንም ይለቃል። የላሚቱ ሰውነት ይህን ሲያውቅ ነጭ የደም ሕዋሳትን በገፍ ወደ ግቱ ይልካል። እነዚህ ወታደሮች ተህዋሱን ይውጡታል፤ ነገር ግን በውጊያው ውስጥ የሚለቁት ኬሚካል የላሚቱንም የወተት ሕዋሳት ይጎዳል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይወጣል፤ ግቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ያማል። በወተቱ ውስጥ የምናየው እንደ እርጎ ፍርፋሪ ያለ ነገር የሞቱ ሕዋሳትና የረጋ ፕሮቲን ነው። የተጎዱት ከረጢቶች አንዳንዶቹ ይድናሉ፤ ብዙዎቹ ግን በጠባሳ ይተካሉ። ጠባሳ ወተት አይሠራም። ስለዚህም ነው «ካመማት ወዲህ በሦስት ጡት ብቻ ነው የምትታለበው» የሚባል ላም በየሰፈሩ የምናገኘው።

ከእጅ የሚመጣና ከወለል የሚመጣ

የግት በሽታን የሚያመጡ ተህዋስያን ከመቶ በላይ ዓይነት ናቸው፤ ፈንገስና አልጌ ሳይቀር ይገኝባቸዋል። ነገር ግን ለአርቢ የሚጠቅመው ስማቸውን መሸምደድ ሳይሆን ከየት እንደሚመጡ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከላም ወደ ላም የሚተላለፉት ናቸው። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየና ማይኮፕላዝማ ዋነኞቹ ናቸው። የሚኖሩት በታመመ ግት ውስጥና በቆሰለ ጡት ቆዳ ላይ ነው፤ መኪናቸው ደግሞ የአላቢው እጅ ነው። አላቢው የታመመችውን አልቦ፣ እጁን በዚያው ጨርቅ ጠርጎ፣ ወደ ጤነኛዋ ይሄዳል። አንድ ጨርቅ ለአራትና ለአምስት ላም! በብዙ በረቶች ያየሁት ይኸው ነው። ጡቱ እንዲያዳልጥ ተብሎ የሚቀባው ቅቤ ወይም ቫዝሊንም እንዲሁ፤ ሁሉም ጣቱን እየነከረ የሚወስድበት አንድ ዕቃ የበሽታ ማደያ ይሆናል።

ከእነዚህ ውስጥ ክፉው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው። በግቱ ሥጋ ውስጥ ሰርጎ እየገባ በጠባሳ የታጠረ የመግል ኪስ ይሠራል፤ በሕዋሳት ውስጥም ይደበቃል። መድኃኒት እዚያ ድረስ በበቂ መጠን አይደርስለትም። ለዚህም ነው «ተወግታ ዳነች» የተባለችው ላም ከወር በኋላ እንደገና የምታብጠው። ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ ግን በተቃራኒው በፔኒሲሊን የሚሸነፍ ነው፤ በሥርዓት ከተሠራበት ከአንድ በረት ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ማይኮፕላዝማ ደግሞ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን ጭራሽ አይነካውም። እንግዲህ አንድ ዓይነት መርፌ ገዝቶ ለሁሉም የሚወጋ ሰው ምን ያህል በጨለማ እንደሚተኩስ አስቡት።

ሁለተኛዎቹ ከአካባቢው የሚመጡት ናቸው። ኢ ኮላይ፣ ክሌብሴላና ስትሬፕቶኮከስ ዩበሪስ የሚባሉት በእበት፣ በጭቃ፣ በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ይኖራሉ። እነዚህን አላቢው እጁን ስለታጠበ ብቻ አያስቀራቸውም፤ በረቱ መድረቅ አለበት። በከተማችን ውስጥ በጠባብ ግቢ የታሰሩ የፈረንጅ ክልስ ላሞች በክረምት የሚታመሙት በዚህ ነው። ኢ ኮላይ በተለይ አዲስ የወለደችን ላም ሲይዝ ፈጣን ነው። ማለዳ ደህና የነበረች ማታ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ወተቷ ቢጫ ውሃ ይሆናል። የሚያሰቃያት ባክቴሪያው ሲሞት ከአካሉ የሚለቀቀው መርዝ ነው። እንዲህ ያለችው ላም ሐኪም በፍጥነት ካልደረሰላት ልትሞት ትችላለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ላም በድንገት እንዲህ ስትሆን «ዓይን ነው» የሚባል ነገር አለ። ዓይን መኖሩን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ ሩቅያም ይደረግላት፣ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ሩቅያ እየተደረገላት ሐኪሙም ይጠራ። አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ነገር የለውም፤ የሚያስቀረው የእኛ ስንፍና ነው።

የማይታየው ይበልጣል

እስካሁን የተናገርነው ስለሚታየው በሽታ ነው። አብዛኛው የግት በሽታ ግን አይታይም። ግቱ አላበጠም፤ ወተቱ ነጭ ነው፣ ፍርፋሪ የለውም፤ ላሚቱም ትበላለች። ነገር ግን ተህዋሱ ውስጥ አለ፣ ውጊያውም በዝግታ ቀጥሏል። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች ሲደማመሩ ከተመረመሩት ላሞች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት የግት በሽታ እንዳለባቸው ያሳያሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ እጅግ የሚበዙት እንዲህ ያለ ድብቅ በሽታ ያለባቸው ናቸው። ክልሶቹ ደግሞ ከአበሻ ላሞች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ድብቁ በሽታ ለባለቤቱ ድብቅ ኪሳራ ነው። ሁለት ሊትር የቀነሰችውን ላም «መኖው ቀንሶባት ነው» ይላል፤ ፋጉሎና ፉርሽካ ይጨምርላታል፣ ወተቱ ግን አይጨምርም። ለገዢውም ኪሳራ ነው። በተቆጣ ግት ውስጥ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ይቀንሳል፤ በምትኩ ከደም የሚመጣ ጨው ይገባል። «ወተቱ ዛሬ ጨው ጨው አለኝ» የሚሉ እናቶች እያበዱ አይደለም። ካዜን የተባለው ፕሮቲንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአንድ ጆግ ወተት የሚገኘው አይብ ያንሳል። ቅባቱም ቶሎ ይሻግታል።

ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በወተቱ ውስጥ ያሉትን የሰውነት ሕዋሳት በመቁጠር ነው። በጤነኛ ግት ወተት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በታች ይገኛሉ፤ ከ200,000 ሲያልፍ ግቱ ተህዋስ እንዳለበት ይጠረጠራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ400,000 በላይ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ750,000 በላይ የሆነ ጥሬ ወተት ለገበያ መቅረብ የለበትም። እኛ ዘንድ ወተት በየቤቱ በጆግና በፕላስቲክ ጠርሙስ ስለሚዞር እንዲህ ያለ ቆጠራ አይደርስበትም። ይህ ማለት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሻልምና ኖርላንደር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች አራት ጎድጓዳ ቦታ ያለው ሳህንና አንድ ፈሳሽ ይዘው ወጡ። የአራቱን ጡት ወተት ለየብቻ ጨልፈው ከፈሳሹ ጋር ሲቀላቅሉት፣ የታመመው ክፍል ወተት እንደ ንፍጥ ይጓጉላል። ምሥጢሩ ፈሳሹ ሳሙና መሰል መሆኑ ነው፤ ነጭ ሕዋሳቱን ያፈነዳቸዋል፣ ከውስጣቸው የሚወጣው ዲኤንኤ ይጎተታል። ዛሬም በመላው ዓለም በረት ውስጥ የሚሠራበት ይኸው ነው።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በፓኪስታን ፋይሰላባድ የሚገኙ የእንስሳት ሐኪሞች የአሜሪካው ፈሳሽ ለድሃ ገበሬ እንደማይደርስ ስላዩ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሞከሩት። ሠራ። እኛ በጅምላ ኦሞ እያልን የምንጠራው ዓይነት ዱቄት 15 ግራም ያህል በግማሽ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ከእያንዳንዱ ጡት ትንሽ ወተት በየብቻው ዕቃ ይታለብና እኩል መጠን ያለው የዱቄት ውሃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል በቀስታ ይሽከረከራል። እንደ ውሃ ከቀረ ደህና ነው፤ ከጓጎለ ወይም ከተጎተተ ያ ጡት ታሟል። ወተቱ የሚደፋ ነው፤ ተመልሶ ወደ ማለቢያው አይገባም። በእንገር ቀናትና ላሚቱ ልትነጥፍ ስትቃረብ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል፤ የትኛው ተህዋስ እንደሆነም አይነግርም። ቢሆንም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይህን የሚያደርግ አርቢ ላሙን ከማያውቅ ሰው ይለያል።

«አፍልቼ ነው የምጠጣው»

ብዙ ሰው በዚህ ይጽናናል። ማፍላት ግዴታ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ጨምሮ ከወተት የሚመጡ ብዙ በሽታዎችን ያስቀራል። ጥሬ ወተት «ጉልበት ይሰጣል» የሚል ካለ ብሩሴሎሲስ ያሰቃየውን አንድ ሰው ይጠይቅ። ነገር ግን ማፍላት ሁለት ነገር አያስወግድም።

የመጀመሪያው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚለቀው መርዝ ነው። ወተቱ ከታለበ በኋላ ሳይቀዘቅዝ ለሰዓታት በጀሪካን ከተቀመጠ ባክቴሪያው ተራብቶ መርዙን ያመርታል። ስናፈላው ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን ሙቀት ይችላል። የጠጣው ሰው ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ኃይለኛ ማስመለስ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ኦሳካና አካባቢዋ ከ13,000 በላይ ሰዎች ዘመናዊ ፋብሪካ ያመረተውን ወተት ጠጥተው በዚሁ መርዝ ታመሙ። ሲጣራ፣ የወተት ዱቄቱ በተሠራበት ሌላ ፋብሪካ መብራት ተቋርጦ ወተቱ ለሰዓታት ሞቆ ቆይቶ ነበር። ባክቴሪያው በኋላ በሙቀት ተገድሏል፤ መርዙ ግን እስከ ብርጭቆው ድረስ ተከትሏቸዋል። መብራት በየጊዜው የሚጠፋብን እኛ ከዚህ ምን እንደምንማር ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ቅሪት ነው። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ወተቱ ስለፈላ አይጠፉም። ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለበት ሰው በጥቂቱም ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ የሚከፋው ግን ጥቂት ጥቂት መድኃኒት በየቀኑ የሚደርሳቸው ተህዋስያን መድኃኒቱን መልመዳቸው ነው። ነገ ልጅዎ ሲታመም የሚታዘዝለት መድኃኒት የማይሠራው ዛሬ በርካሽ በተገዛው ወተት ጭምር ሊሆን ይችላል።

ኪሳራውን ማን ይሸከም?

እስቲ በወተት ሻጩ ቦታ እንቁም። ላሙ በቀን 10 ሊትር ትሰጣለች እንበል። ለሦስት ቀን ታከመች፤ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈው ማቆያ ደግሞ አራት ቀን ነው። 70 ሊትር ወተት ይደፋል ማለት ነው። መኖው በዱቤ ተገዝቷል፣ የሐኪሙም ተከፍሏል። «አላህን ፍራና ድፋው» ማለት ቀላል ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን እኛ ገዢዎቹ ምን አደረግንለት? ወተት አንድ ቀን ሲያስቀርብን በማግስቱ ሌላ ሻጭ እንይዛለን። እንግዲህ ደንበኛውን ላለማጣት ሲል ዝም የሚለው በእኛ ምክንያት ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወገኖቻችን ጾም ወቅት የወተት ገዢ በሚቀንስበት ጊዜ ገበያውን የምንይዘው እኛ ሙስሊም ቤተሰቦች ነን። ስለዚህ አቅም አለን። ከወተት ሻጫችን ጋር አስቀድመን እንዋዋል፤ «ላምህ መድኃኒት ስትወስድ ንገረን፤ አንለቅህም። እስክትድን እንጠብቅሃለን» እንበለው። የሚችል ደግሞ የዚያን ሳምንት ክፍያ በከፊል አስቀድሞ ይስጠው፤ በኋላ በወተት ይተካል። አምስት ስድስት ቤተሰብ ሆነው ከአንድ ሻጭ የሚገዙ ሰዎች ይህን ለማድረግ ስብሰባ እንኳ አያስፈልጋቸውም። የወተት ማኅበራትና ማቀነባበሪያዎችም በሊትር ብቻ ሳይሆን በጥራት ቢከፍሉ፣ የሚታዘዘው ንጹሕ በረት በራሱ ገንዘብ ያመጣ ነበር።

ሻጩንም ግን ዝም አንለውም። የሚያሳፍር ነገር አይቻለሁ። መድኃኒት የገባበትን ወተት «ለገበያ አይሆንም» ብሎ ለግቢው ዘበኛ ልጆች ወይም ለችግረኛ ጎረቤት በሰደቃ ስም የሚሰጥ አለ። ለሀብታሙ የማይሆን ለድሃው ሕፃን እንዴት ይሆናል? ለጥጃም አይሰጥም፤ ጥጃዋም መድኃኒት የለመደ ተህዋስ ታሳድጋለች። ጉድጓድ ተቆፍሮ ይደፋ። ሌላው ደግሞ ተደጋግማ የታመመችን ላም ግቷ የበረደ ጊዜ ጠብቆ ገበያ አውጥቶ «እንከን የላትም» ብሎ መሸጥ ነው። በሸሪዓ ሻጭ የዕቃውን ዐይብ መግለጽ እንዳለበት ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስታፊሎኮከስ ያለባት ላም ደግሞ ዐይቧን ይዛ ወደ ሌላው ሰው በረት ገብታ ላሞቹን በሙሉ ታስይዛለች።

ራሱ መርፌ ገዝቶ የሚወጋውም እንዲሁ። የእንስሳት መድኃኒት ያለ ትዕዛዝ መግዛት ቀላል መሆኑ ትክክል አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሬዲንግ አካባቢ የነበሩ ተመራማሪዎች ላሟ በነጠፈች ጊዜ ሁሉንም ጡት በአንቲባዮቲክ መሙላትን ጨምሮ አምስት ነጥብ ያለው የመከላከያ ዘዴ አውጥተው ብዙ ጠቅሟል። ዛሬ ግን አውሮፓውያኑ ራሳቸው ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጤነኛ ላሞችን በልማድ በአንቲባዮቲክ መሙላትን ከልክለዋል። መድኃኒት የለመደው ተህዋስ አስፈርቷቸዋል። ከአምስቱ ነጥቦች ዛሬም ሳይነኩ ከቀሩት አንዱ ርካሹ ነው፤ ከአለባ በኋላ እያንዳንዱን ጡት ለዚሁ በተዘጋጀ የአዮዲን ፈሳሽ መንከር።

ግመል የሚያረቡ በሶማሌና በአፋር ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ይህ ጉዳይ አይመለከተንም እንዳይሉ። የግመልም ግት ይታመማል፤ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ በግመል ላይም ይገኛል። ግልገሉ እንዳይጠባ ተብሎ ጡቱ በልጥ ሲታሰር የሚፈጠረው ቁስል ለተህዋሱ መግቢያ ይሆናል። የግመል ወተት በአብዛኛው ሳይፈላ ስለሚጠጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የወተት ዕቃን በወይራ ጭስ ማጠን መልካም ልማድ ነው፣ ዕቃውን ያጸዳል፤ ግቱን ግን አያክምም።

በቤትዎ ላም ካለ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይህን ይሞክሩ። አላቢው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጡቱን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ለእያንዳንዷ ላም በተለየ ጨርቅ ያድርቅ፤ እርጥብ ጡት መታለብ የለበትም፣ ከግቱ የሚንጠባጠበው ውሃ ቆሻሻውን ወደ ቀዳዳው ይወስደዋልና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጭማቂ ወለል ላይ ሳይሆን ጥቁር ጨርቅ በተወጠረበት ኩባያ ላይ ያልብና ፍርፋሪ መኖሩን ይመልከት። ጡቱን በሁለት ጣት አይጎትተው፤ በሙሉ እጅ ይጨምቀው። የታመመችውን መጨረሻ ላይ ይለባት።

ጎረቤታችን ያንን ጆግ ደፉት። ወተት ሻጩን ግን አልቀየሩትም። ላሙ ሕክምናዋን ጨርሳ ማቆያው እስኪያልቅ ለስምንት ቀን ወተት አላመጣም፤ በዘጠነኛው ቀን ሲመጣ ለእርጎ አስቀመጡት። በማግስቱ ረግቶ አገኙት።